ሁለት መሪ፣ አንድ ኳስ

በቅርጫት ኳስ ፖይንት ጋርድ ማለት ኳሱን ይዞ ወጥቶ ጨዋታውን የሚያቀናብር ተጫዋች ነው። ኳሱ አንድ ስለሆነ ሁለት ኮከብ አቀናባሪዎች አብረው አይሠሩም ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ሊግ (NBA) ቡድን ሂውስተን ሮኬትስ ክሪስ ፖልን ከጄምስ ሃርደን ጋር አጣመረ። አሠልጣኙ ማይክ ዳንቶኒ ደቂቃዎቹን ስላከፋፈሉ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይመራ ነበር። አብረው ሲሰለፉስ? ኳስ ያልያዘው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ ለመወርወር ይዘጋጃል፤ ተከላካዩም ትቶት ለመሄድ ይፈራል። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ከርቀት የማያስቆጥር ኮከብ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ለጓደኛው ሸክም ይሆናል።

ሮኬትስ በዚያ የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታ 65ቱን አሸነፈ። እስከ ሰባት ጨዋታ በሚደርሰው የሊጉ የምዕራብ ምድብ ፍጻሜም ጎልደን ስቴት የተባለውን ቡድን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 መርቶ ነበር፤ ፖል በታፋ ጡንቻ ጉዳት ባይወጣ ኖሮ የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ሽንፈት አይሆኑም ነበር ብዬ አምናለሁ።