ጌጅ ምንድን ነው? የመርፌ ቁጥርማ አይደለም

«የዚህ ሹራብ ጌጅ ስንት ነው?» ተብሎ ተጠይቆ «4 ሚሊሜትር» ብሎ የሚመልስ ሰው ስንቴ እንደገጠመኝ እንጃ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ለጀማሪዎች ሲያስረዳ ሰማሁት። «ጌጅ ማለት የክሩ ወረቀት ላይ የተጻፈው የመርፌ ቁጥር ነው። ያንን መርፌ ግዙ፣ በቃ። ናሙና መሥራት ክር ማባከን ነው» አለ። በጣም እርግጠኛ ሆኖ ነው ያለው። ይህን ሰምቶ ሳምንታት ሙሉ የሚለፋ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ለማንም የማይሆን ሹራብ ሊሆን ስለሚችል ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጌጅ የመርፌ መጠን አይደለም። የክር ውፍረትም አይደለም። ጌጅ የውጤት መለኪያ ነው። በ10 ሴንቲሜትር ውስጥ ወደ ጎን ስንት ቀለበት፣ ወደ ላይ ስንት ረድፍ እንደገባ ይናገራል። «20 ቀለበት፣ 28 ረድፍ በ10 ሴ.ሜ» ተብሎ ይጻፋል። ቀለበት የምለው መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ጥምዝ ነው። ይህ ቁጥር ሥራው ከመጀመሩ በፊት የለም። ክሩ፣ መርፌው፣ የአሠራሩ ዓይነትና የሠሪው እጅ ሲገናኙ ነው የሚገኘው።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ያለው የመርፌ ቁጥር ምንድን ነው? መነሻ ነው። አምራቹ «በዚህ ክር መካከለኛ እጅ ያለው ሰው በዚህ መርፌ ቢሠራ ወደዚህ ጌጅ ይጠጋል» እያለ ነው። ክሮችን ከ0 እስከ 7 በውፍረት የሚመድበው የክራፍት ያርን ካውንስል (የአሜሪካ የክር ኢንዱስትሪ ማኅበር) ሰንጠረዥ እንኳ አንድ ቁጥር አይሰጥም። ምድብ 4 ለሚባለው መካከለኛ ክር ከ4.5 እስከ 5.5 ሚሊሜትር መርፌ፣ ከ16 እስከ 20 ቀለበት ይላል። ከዚያ ለሚቀጥነው ምድብ 3 ደግሞ ከ3.75 እስከ 4.5 ሚሊሜትር፣ ከ21 እስከ 24 ቀለበት ነው። ራሱ ሰንጠረዡ «ይህ መመሪያ ብቻ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰዎቹ በግልጽ ጽፈውት እያለ እኛ እንደ ሕግ እናነበዋለን።

ነገሩን በእጅ ጽሑፍ እንየው። ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እስክሪብቶ ስጧቸውና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። አንዱ በግማሽ መስመር ይጨርሰዋል፤ ሌላው መስመሩን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። እስክሪብቶው አንድ ነው፣ ቃላቱም አንድ ናቸው፤ እጁ ግን ይለያል። መርፌው እስክሪብቶው ነው። ጫፉ ሲወፍር ፊደሉ ተለቅ ማለቱ አይቀርም፤ ግን አንድ ገጽ ላይ ስንት ቃል እንደሚገባ እስክሪብቶው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አታውቁትም። ያው ሰው ራሱ ሲቸኩል ፊደሉ ይበተናል፣ ሲጨነቅ ይጠባል። ሹራብም ላይ እንዲሁ ነው። ምሽት ላይ ደክሟችሁ የሠራችሁትና ጠዋት በንቃት የሠራችሁት ረድፍ ጎን ለጎን ሲታይ ሊለያይ ይችላል። «ጌጅ የመርፌ ቁጥር ነው» የሚለው ሰው እንግዲህ «እስክሪብቶው 0.7 ስለሆነ ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሆናል» እያለን ነው።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር አላስቻለኝም፤ ሥራዬ የሹራብ ጨርቅ ጥራት መቆጣጠር ነው። በሙያው ውስጥ የሚለካው ዋና ነገር አንዲት ቀለበት የምትወስደው የክር ርዝመት ነው። መንደን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሜዳ የተሠራ፣ ማለትም ጌጥ የሌለበት ተራ አሠራር ያለው የሱፍ ሹራብ ከውጥረት ተላቆ ሲያርፍ መጠኑን የሚወስነው በዋናነት ይህ ርዝመት ነው። በካሬ ሴንቲሜትር የሚገቡት ቀለበቶች ብዛት ከዚያ ርዝመት ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። በቀላሉ ሲነገር፣ እያንዳንዷ ቀለበት የምትወስደው ክር በ10 በመቶ ቢያጥር፣ ያው የቀለበት ብዛት የሚሸፍነው ቦታ ወደ 19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ማሽን ላይ ይህን ርዝመት የምንቆጣጠረው በማስተካከያ ነው። በእጅ ሥራ ግን ማስተካከያው ጣታችሁ ነው። ክሩን በስንት ጣት እንደምትጠመጥሙት፣ ምን ያህል እንደምትስቡት፣ ቀለበቷን መርፌው ወፍራም ክፍል ላይ ነው ወይስ ሹል ጫፉ ላይ የምትጨርሷት፣ ይህ ሁሉ ይገባበታል። ጫፉ ላይ የሚሠራ ሰው በ5 ሚሊሜትር መርፌ የ4.5 የሚመስል ሥራ ያወጣል። መርፌው ወፍራም ነው፤ ቀለበቷ የተለካችው ግን በቀጭኑ ጫፍ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ፓተርኑ (የሹራቡ የአሠራር መመሪያ) 20 ቀለበት በ10 ሴ.ሜ ይላል እንበል። ዙሪያው 100 ሴንቲሜትር የሆነ ሹራብ 200 ቀለበት ይፈልጋል። የእናንተ እጅ 18 የሚሰጥ ከሆነ፣ በዚያው 200 ቀለበት 111 ሴንቲሜትር ይወጣላችኋል። 22 ከሰጠ ደግሞ 91 ሴንቲሜትር። ሁለቱም ሰዎች መመሪያውን ቃል በቃል ተከትለዋል፤ ክሩም መርፌውም ትክክል ነው። አንዱ ግን ድንኳን ለብሷል፣ ሌላው ሹራቡ በአንገቱ አልገባ ብሎታል። «ሁለት ቀለበት ምን ያመጣል?» ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ወደ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ልዩነት።

ናሙናው፣ ማለትም ከሹራቡ በፊት ጌጅ ለመለካት የሚሠራው ትንሽ ቁራጭ፣ ክር ማባከን ነው ወይስ አይደለም የሚለውም እዚህ ላይ ያልቃል። ግን ናሙና የሚሠሩትም ብዙዎቹ በትክክል አይሠሩትም፤ ይኼም ያበሳጨኛል። 10 በ10 የሆነች ቁራጭ ሠርተው ከዳር እስከ ዳር ይለካሉ። የዳር ቀለበቶች ሁሌም ይዛባሉ። ወይ ይጠባሉ ወይ ይላላሉ። ናሙናው ቢያንስ 15 በ15 ይሁንና መሐሉ ላይ 10 ሴንቲሜትር ይለካ። ማስመሪያውን ጨርቁ ላይ አስተኙ፣ አትለጥጡት። በሜዳ ሥራ ፊቱን ስታዩት እያንዳንዷ ቀለበት ሀ ፊደልን የመሰለች ቅርጽ አላት። ከአንዷ ጠርዝ ላይ ስፒል ሰኩ፣ 10 ሴንቲሜትር ቆጥራችሁ ሌላ ስፒል ሰኩ፣ በመሐል ያሉትን ሀዎች ቁጠሩ። ግማሽ ካለ ግማሹንም ጻፉ። 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ለክቶ በ4 ማባዛት አይሠራም፤ እዚያ ላይ ግማሽ ቀለበት ብትሳሳቱ በ10 ሴንቲሜትር ሁለት ቀለበት ሆነ ማለት ነው። ሁለት ቀለበት ምን እንደሚያደርግ አሁን አይተናል።

ደግሞ ናሙናው ይታጠብ። የእጅ ጽሑፉ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ያስኬዳል እንጂ ከዚህ አያልፍም፤ የተጻፈ ገጽ ታጥቦ አይለወጥም፣ ሹራብ ግን ይለወጣል። ሥራ ላይ እያለ ክሩ ተወጥሯል። ውሃ ሲነካው ውጥረቱ ይለቀቅና ቀለበቶቹ ወደሚያርፉበት ቅርጽ ይሄዳሉ። እኛም ጨርቅ ሳይታጠብና ሳያርፍ የተለካውን ልኬት አንቀበልም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የታከመ ሱፍ ሲረጥብ ብዙ ጊዜ ይለጠጣል። ያልታከመ ሱፍ ደግሞ በሙቅ ውሃና በፍትጊያ ከታጠበ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል፤ እሱ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ጥጥ የመለጠጥና የመመለስ አቅም የለውም ማለት ይቻላል፣ ክብደትም አለው፤ ረዥም የጥጥ ሹራብ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎተታል። አክሪሊክ በውሃ ብዙም አይለወጥም፤ ትኩስ ካውያ ካረፈበት ግን ቃጫው ይቀልጥና ለዘላለም ይዝላል። ስለዚህ ናሙናውን ሹራቡን ለማጠብ ባሰባችሁት መንገድ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ለኩ። በአንድ እጅ የተሠራ አንድ ናሙና ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የሚያገለግላችሁ የኋለኛው ነው።

ቁጥሩ ባይመጣስ? ናሙናው 22 ሰጥቶ የሚፈለገው 20 ከሆነ ሥራው ጠብቋል፤ በግማሽ ሚሊሜትር የሚወፍር መርፌ ሞክሩ። 18 ከሰጠ በግማሽ የሚቀጥን። እጃችሁን በግድ ለማላላት ወይም ለማጥበቅ አትሞክሩ። ሦስት ረድፍ ታስታውሱትና አራተኛው ላይ እጃችሁ ወደ ልማዱ ይመለሳል። መርፌ መቀየር ይቀላል። የመርፌው ቁስም ለውጥ ያመጣል፤ ብረት ያንሸራትታል፣ ቀርከሃ ክሩን ያዝ ያደርጋል። በቀርከሃ ናሙና ሠርታችሁ ሹራቡን በብረት አትሥሩ። ክብ የሚሠራ ሥራና ወዲያ ወዲህ እየተገለበጠ የሚሠራም አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የጀርባውን ረድፍ (ጨርቁ ተገልብጦ የሚሠራውን) ከፊቱ ይልቅ አላልቶ ይሠራል፤ ክብ ሲሠራ ሜዳው ሥራ ላይ የጀርባ ረድፍ ስለሌለ ጌጁ ይለወጣል። ኮፍያ ክብ የምትሠሩ ከሆነ ናሙናውም ክብ ይሁን።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ «8 ቁጥር መርፌ» የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት። በአሜሪካው አቆጣጠር 8 ቁጥር 5 ሚሊሜትር ነው። በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር 8 ቁጥር 4 ሚሊሜትር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። የድሮ መጽሔት ላይ ካገኛችሁት ፓተርን ጋር ይህ ከተቀላቀለ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሚሊሜትሩን ጠይቁ።

«4 ፕላይ» የሚባለውም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ቃሉ ስንት ቀጫጭን ክሮች ተገምደው እንደተሠራ ሊናገር ይችላል፤ በእንግሊዝ ልማድ ግን ቀጭን የሆነ የክር ዓይነት መጠሪያ ነው። ያልተገመደ ነጠላ ክር የጣት ያህል ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ ክር ለመተካት ስትፈልጉ ፕላይ አትቁጠሩ። ሜትርና ግራም አነጻጽሩ። 100 ግራሙ 200 ሜትር የሚሄድ ክር በ100 ግራሙ 400 ሜትር በሚሄድ ክር አይተካም፣ ሁለቱም ላይ «4 ፕላይ» ቢጻፍም። ስትገዙም በግራም ሳይሆን በሜትር አስሉ። የቀለም ዙር ቁጥሩ (አብረው የተነከሩ ጥቅሎች የሚሰጣቸው ቁጥር) በሁሉም ጥቅል ላይ አንድ መሆኑን እዩ፤ ሱቅ ውስጥ አንድ የመሰለው ሰማያዊ ደረት ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል።

«እኔ ስካርፍ ብቻ ነው የምሠራው፣ ጌጅ ምን ያደርግልኛል?» የሚልም አለ። ልክ ነው፣ ስካርፍ ሁለት ሴንቲሜትር ቢሰፋ ማንም አይጎዳም። ግን እጃችሁ ከፓተርኑ ይበልጥ ላላ የሚል ከሆነ ክር ሊያልቅባችሁ ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ጌጅ የጨርቁን ባሕርይ ይወስናል። በአንድ ክር ካልሲ ለመሥራት ጠበቅ ያለ ጨርቅ ነው የሚሻለው፣ ካለዚያ ተረከዙ ቶሎ ይበሳል። በዚያው ክር ሻል ለመሥራት ብዙ ሚሊሜትር የሚወፍር መርፌ ይዛችሁ ላላ ታደርጉታላችሁ፣ ካለዚያ ሻሉ አይወርድም፣ ይገተራል። ጥጥ የሚሞላ አሻንጉሊት ከወረቀቱ ቁጥር በታች በሆነ መርፌ ይሠራል፣ ሙሌቱ በቀዳዳ እንዳይታይ። ለአንድ ክር ሦስት ትክክለኛ መርፌ ማለት ነው። «ወረቀቱ ላይ ያለውን ግዙ» የሚለው ምክር ከሦስቱ ለሁለቱ፣ አንዳንዴም ለሦስቱም አይሆንም።

መርፌ ስትመርጡ እንግዲህ መጀመሪያ ጨርቁን አስቡ። ይውረድ ወይስ ይቁም? ይለጠጥ ወይስ ይያዝ? ከዚያ ክር፣ ከዚያ መርፌ፣ ከዚያ ናሙና። ናሙናውን በእጃችሁ ጨምቁት፣ ጎትቱት፣ ወደ ብርሃን ያዙት። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ጨርቁ እንደ ካርቶን ከደረቀ ክሩ ለዚያ ፓተርን አይሆንም፤ መርፌ መቀየር አያድነውም።

የቀለበቱ ቁጥር መጥቶ የረድፉ ቁጥር አልመጣም ብላችሁ አትጨነቁ፤ የተለመደ ነው። ቀለበቱን አስቀድሙ። ርዝመትን በሴንቲሜትር የሚነግር ፓተርን ከሆነ ችግር የለም። በረድፍ የሚቆጥር ከሆነ ግን አስሉት፤ በ10 ሴንቲሜትር 28 ረድፍ ተብሎ የታሰበ የ126 ረድፍ እጅጌ 45 ሴንቲሜትር ነው። የእናንተ 30 ረድፍ ከሆነ 42 ላይ ይቆማል፣ አንጓችሁ ሳይሸፈን ቀረ ማለት ነው። 9 ረድፍ ጨምሩ። ዋናውን ሥራ ጀምራችሁ አንድ 15 ሴንቲሜትር ከደረሳችሁ በኋላም እንደገና ለኩ። ናሙና ላይ የተጠነቀቀ እጅ ሹራቡ ላይ ዘና ይላል። ስትለኩ ቀለበቶቹ መርፌው ላይ ተጨናንቀው አይሁኑ፤ ወደ ረዥም ገመድ ወይም ወደ ሌላ ክር አዛውሯቸውና ጨርቁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛ።