ፀረ እንግዳ አካል ቀነሰ ማለት መከላከያ አለቀ ማለት ነው?

«ኮሮና ይዞኝ ድኛለሁ። ከወራት በኋላ ስመረመር ፀረ እንግዳ አካልሽ ወርዷል ተባልኩ። መከላከያዬ አለቀ ማለት ነው?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ ልመልሰው። አይደለም።

ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ እየዞረ ቫይረሱ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን ነው። ከሕመሙ በኋላ መውረዱ የሚጠበቅ ነው። እሳት ከጠፋ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ባልዲ ይዞ ቆሞ አያድርም። ማጥፋቱን የተማሩት ሰዎች ግን እዚያው ሰፈር አሉ። በሰውነታችን እነዚህ የማስታወሻ ሴሎች ይባላሉ። ቫይረሱ ሲመለስ ከእነዚህ ውስጥ ቢ ሴሎች የሚባሉት አዲስ ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ እንዲመረት ያደርጋሉ፤ ቲ ሴሎች የሚባሉት ደግሞ በቫይረሱ የተያዙትን ሴሎች ይገድላሉ። እኔን በጣም የሚገርመኝ፣ ካገገሙ ሰዎች ብዙዎቹ ላይ የማስታወሻ ቢ ሴሎች በ6ኛው ወር ከ1ኛው ወር በልጠው መገኘታቸው ነው።

ግን ትውስታ አጥር አይደለም። ሴሎቹ ነቅተው እስኪባዙ ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ መሃል ዳግም መያዝ ይቻላል። በዋናነት የሚጠብቁን ከከባድ ሕመም ነው። እስከዚህ ድረስ እርግጥ ነው። ከሰው ሰው የሚለያየው የጥበቃው ጥንካሬና ቆይታው ነው፤ ዕድሜ፣ ሌላ በሽታና የቫይረሱ ዝርያ ይለውጡታል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ ስለ ክትባቱ ሐኪማችሁን ጠይቁ።