የጋራ ሜሞሪ፦ ሊኑክስና ቤር-ሜታል በጣና ውኃ መለኪያ ላይ

የጋራ ሜሞሪ በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሲስተሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የራም ክፍል ነው። እንደ ጄይልሃውስ ያለ ሃይፐርቫይዘር (አንድን ቺፕ ለብዙ ሲስተሞች የሚያካፍል ፕሮግራም) የአርም ቦርድ ኮሮችን (የፕሮሰሰሩን የስሌት ክፍሎች) ይከፋፍላል፤ አንዱን ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለሚሠራው ቤር-ሜታል ፕሮግራም ይሰጣል፣ የቀሩትን ለሊኑክስ ይተዋል።

ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ለሚተከል የውኃ ከፍታ መለኪያ ይህ አሠራር ይስማማል። ማዕበል የሐይቁን ገጽ ስለሚያወዛውዝ አንድ ንባብ ብቻውን አይታመንም። ቤር-ሜታሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ሳያዛንፍ ይለካል፤ ሊኑክሱ አማካዩን አውጥቶ በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። አንድ መዝገብ 64 ባይት ቢሆን፣ በዙር እየተሞላ የሚደገም 256 መዝገብ 4 ፔጅ (እያንዳንዱ 4 ኪሎባይት) ማለትም 16 ኪሎባይት ይይዛል፤ ሊኑክስ 2 ሴኮንድ ቢዘገይ የሚጠራቀመው 200 ስለሆነ ቦታው ይበቃል። ጸሐፊው ቤር-ሜታልና አንባቢው ሊኑክስ የደረሱበትን የመዝገብ ቁጥር ለሚይዘው ራስጌ አንድ ፔጅ ይጨመራል። የጣና ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነውና በሚሊሜትር ሲጻፍ 16 ቢት አይበቃውም፤ 32 ይሰጠው።

ቦታው በዲቫይስ ትሪ (የቦርዱን ሃርድዌር ለሊኑክስ በሚዘረዝረው ፋይል) ውስጥ «ኖ-ማፕ» ተብሎ ይከለላል፤ አለዚያ ሊኑክስ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። ከዚያ በሃይፐርቫይዘሩ ኮንፊገሬሽን ለሁለቱም ይፈቀዳል። የሁለቱ አድራሻ ስለሚለያይ በፖይንተር (በቀጥተኛ የሜሞሪ አድራሻ) ፈንታ ከመነሻው ያለው ርቀት ይቀመጥ።

ቀን የሚፈጀው ካሽ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የራምን ቅጂ የሚያኖርበት ፈጣን ሜሞሪ፣ ነው። በአርም ቪ8 ላይ ቤር-ሜታሉ ኤምኤምዩውን (የሜሞሪ አድራሻ ተርጓሚውን) ሳያበራ ከተነሣ ዳታው ሁሉ እንደ ዲቫይስ ሜሞሪ (በካሽ እንደማያልፍ ሜሞሪ) ይታያል፤ ጽሑፉ ካሽን አልፎ ራም ላይ ያርፋል። የሊኑክሱ ድራይቨር በካሽ በኩል ካነበበ ደግሞ ያንኑ አሮጌ ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል። በተቃራኒው፣ ኖ-ማፕ የተባለ ቦታ በዴቭ-ሜም (ፕሮግራም ሜሞሪን በቀጥታ እንዲያገኝ በሚያስችለው የሊኑክስ ፋይል) ሲከፈት ያለ ካሽ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ላይ ባልተስተካከለ አድራሻ የሚያነብ ሜምኮፒ (ዳታ የሚገለብጥ ፈንክሽን) ፕሮግራሙን ይገድለዋል። ሁለቱም ወገን ቦታውን በአንድ ዓይነት፣ በኖርማልና ራይት-ባክ (በካሽ በኩል በሚሠራ) ሜሞሪነት፣ ይክፈቱት።

ጸሐፊው መዝገቡን ከጻፈ በኋላ ባሪየር (የጽሑፎቹን ቅደም ተከተል የሚያስጠብቅ ትእዛዝ) አስገብቶ ነው በራስጌው ላይ ያለውን ቁጥሩን የሚያሳድገው፤ ቁጥሩ ከቀደመ ሊኑክስ ያልተሞላ መዝገብ ያነባል። የጸሐፊውና የአንባቢው ቁጥር በተለያየ የካሽ መስመር (ካሽ በአንድ ጊዜ በሚያነሣው ቁራጭ) ላይ ይቀመጡ።

ቤር-ሜታሉ ብቻውን ሲነሣ ቁጥሩ ወደ 0 ይመለሳል። የሊኑክስ ቁጥር 180 ላይ ከነበረ ከ180 እስከ 255 ያሉትን 76 አሮጌ መዝገቦች እንደ አዲስ ቆጥሮ ይልካቸዋል። ስለዚህ በራስጌው ላይ በየአነሣሡ በአንድ የሚጨምር ቁጥር ይኑር፤ ሊኑክስ ያ ሲለወጥ ካየ የራሱን ቁጥር ከጸሐፊው ጋር አስተካክሎ ይቀጥላል።