ሎች ዓሣ በትንሽ የቤት አኳሪየም፦ የጫጩቶቹ አስተዳደግ

ሎች የሚባሉት ዓሦች በወንዝ፣ በጅረትና በረግረግ ግርጌ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ በአፋቸው ዙሪያ ጢም ያላቸው ዓሦች ናቸው። ከ1,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተለይተው ተመዝግበዋል። ትልቁ ድርሻ የእስያ ሲሆን የተወሰኑት በአውሮፓ፣ ጥቂቶች ደግሞ በአፍሪካ ይገኛሉ። ብዙዎቹ ቀን ተደብቀው ውለው ሲመሽ ይወጣሉ፤ ምግባቸውንም በዓይን ከመፈለግ ይልቅ በጢማቸው እየዳሰሱና እየቀመሱ ያገኙታል። ስለዚህ የሎች ጫጩት ለማሳደግ የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አኳሪየሙ ግርጌ ማሰብ ይኖርበታል።

ከዚያ በፊት ግን የሚገዛው ዓሣ የትኛው ሎች እንደሆነ ማወቅ አለበት። በዓሣ መሸጫ ቤቶች በብዛት የሚታየው ክላውን ሎች ብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ጥቁር ሰንበሮች ያሉት፣ ሲገዛ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ውብ ዓሣ ነው። አገሩ የኢንዶኔዥያዋ ሱማትራና የቦርኒዮ ደሴት ናቸው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው ሐኪም ፒተር ብሌከር በ1852 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የዓሣ ተመራማሪው ሞሪስ ኮቴላ ለብቻው ወገን (ጂነስ) ሰጥቶታል። ይህ ዓሣ ሲያድግ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ከ20 ዓመት በላይም ይኖራል፣ በመንጋ ካልሆነም አይረጋጋም። ጫጩት ሳለ በትንሽ ገንዳ ውስጥ ደስተኛ ይመስላል፤ ከዓመታት በኋላ ግን የሚያስፈልገው ከ400 ሊትር በላይ የሚይዝ ገንዳ ነው። ያንን ማሟላት የማይችል ሰው ገና ከጅምሩ ባይገዛው ይሻላል። ዓሣውን በጠባብ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሲቀጭጭ ማየት በደል ነው፤ ዝም ስለሚል ብቻ በደልነቱ አይቀርም።

ለትንሽ አኳሪየም በእውነት የሚስማማው ኩሊ ሎች ነው። ስሙ በእኛ ቋንቋ ሸክም ከሚሸከመው ኩሊ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። መጠሪያው የተወሰደው በጃቫ ደሴት እንስሳትን ሲያጠና በ1821 እ.ኤ.አ. ገና በ23 ዓመቱ ከሞተው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከሃይንሪክ ኩል ነው። ዝርያውን በ1846 እ.ኤ.አ. የሰየመው ፈረንሳዊው አሺል ቫለንሲየን ነበር። ዛሬ ኩሊ እየተባሉ የሚሸጡት ግን ከአንድ በላይ ተመሳሳይ ዝርያዎች ናቸው። ሁሉም እንደ ትል የረዘሙ፣ አብዛኞቹ ቢጫና ቡናማ ቀለበት የተጠመጠመባቸው ሲሆኑ፣ አድገው ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። በደንብ ከተያዙ አሥር ዓመት ይኖራሉ።

ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ከፍታው 30፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 54 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ለስድስት ኩሊዎች ይበቃል። ከስድስት ባያንሱ ጥሩ ነው፤ ለብቻው የተቀመጠ ኩሊ ከተደበቀበት አይወጣም፣ ምግብም ይቀንሳል። ከታች ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ደቃቅና ጠርዙ የለዘበ አሸዋ ይነጠፋል። ጫጩቶቹ አሸዋውን በአፋቸው ዝቀው በስንጥባቸው በኩል እያንጠባጠቡ የሚበላውን ይለያሉ፤ ሲደነግጡም በቅጽበት ሰጥመው ጭንቅላታቸውን ብቻ ያስቀራሉ። ጠርዘኛ ጠጠር ከሆነ ግን ጢማቸው እየተፋቀ ያጥራል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ጢሙ ያለቀበት ሎች ምግቡን ማግኘት ስለሚቸግረው ቀስ በቀስ ይከሳል። ለውበት ተብሎ የሚገዛው ባለ ቀለም ጠጠር ስንቱን ጫጩት እንደሚጎዳ ገዢው አያውቅም፤ ሻጩ ግን ሊነግረው ይገባ ነበር። በአሸዋው ላይ የእንጨት ሥሮች፣ ጥላ የሚሰጡ ዕፅዋትና የደረቁ ቅጠሎች ይደረጋሉ። ከቅጠሎቹ የሚወጣው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ውኃውን እንደ ቀጭን ሻይ ያወይበዋል። ኩሊ የሚኖርባቸው የእስያ ረግረጎች ውኃም መልኩ እንደዚሁ ነው፤ ቆሻሻ መስሎት የሚደነግጥ ሰው ካለ ይረጋጋ።

አዲስ ገንዳ ጫጩት ከመግባቱ በፊት ሊበስል ይገባዋል። ከዓሦች ፍሳሽና ከምግብ ትርፍ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ያንን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ እስኪባዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የውኃው አንድ አራተኛ ይቀየራል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት አንድ ቀን በክፍት ባልዲ ማሳደር ወይም በማከሚያ ማጥራት ያስፈልጋል። ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ) የሚጨመርበት ውኃ ከሆነ ግን ማሳደሩ ብቻ አይበቃም። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊሆን ስለሚገባ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋማ ከተማ ማሞቂያ ግድ ነው፤ ሌሊት መብራት ቢጠፋም ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ለተወሰኑ ሰዓታት ሙቀቱን ያቆየዋል። የማጣሪያው መምጠጫ በስፖንጅ ይሸፈን፤ ክዳኑም ቀዳዳ አይኑረው፤ እነዚህ ዓሦች ጭንቅላታቸው ባለፈበት ሁሉ ያልፋሉና።

በገበያ ላይ ያሉት ሎቾች ብዙዎቹ ከዱር የተጠመዱ ናቸው። በጉዞው ተርበው ስለሚደርሱ ሆዳቸው የገባ፣ ጀርባቸው የሰላ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ማብላት ነው። ለጫጩት አርቴሚያ ከምትባለው ደቃቅ የጨው ውኃ እንስሳ እጭ የተሻለ ጅማሬ የለም፤ እንቁላሉ በሞቀ ጨዋማ ውኃ ውስጥ አየር እየተነፋለት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል። ደቃቅ ትሎች፣ በረዶ ሆኖ ተቀምጦ የቀለጠ ምግብና የሚሰጥም እንክብል ፍርፋሪም ይስማማቸዋል። ላይ ላይ የሚዋኙ ሌሎች ዓሦች ካሉ ምግቡን ቀድመው እንዳይጨርሱባቸው መብራቱ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ጥቂት መስጠት ይበጃል። በማግስቱ ጠዋት አሸዋው ላይ ትርፍ ከታየ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

የሎች ቅርፊት እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንዳንዶቹ ከፊል ገላ ላይ ጭራሹን የለም። በዚህም ምክንያት መድኃኒት፣ በተለይ መዳብ ያለበት፣ በቀላሉ ይጎዳቸዋል። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ሲይዛቸው ብዙ አርቢዎች መድኃኒቱን በግማሽ መጠን ጀምረው የውኃውን ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ ያሳድጋሉ። ጥገኛው ተሕዋስ በመድኃኒት የሚሞተው ከዓሣው ገላ ተላቆ በውኃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ያንን ጊዜ ያፋጥነዋል። ሞቃት ውኃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ግን የአየር መንፊያው መጠናከር አለበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ሎቾች ከዓይናቸው ሥር የሚዘረጋ እሾህ ስላላቸው በመረብ ሲያዙ ይሰካሉ። ጫጩትን በትንሽ ኩባያ ከነውኃው መቅዳት ይሻላል።

ኩሊ በቤት ውስጥ መራባቱ ብርቅ ነው፤ ሲሆንም አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ሳያስበው ነው። ሴቷ ስትደርስ አረንጓዴው እንቁላሏ በሆዷ ቆዳ በኩል ይታያል። እንቁላሎቹን በተንሳፋፊ ዕፅዋት መካከል ትበትናቸዋለች፤ በአንድ ቀን ገደማም ይፈለፈላሉ። አዲስ የተፈለፈሉት ለጊዜው ከጭንቅላታቸው ጎን ወደ ውጪ የወጡ ክር መሳይ ስንጥቦች አሏቸው። ትልልቆቹ ስለሚበሏቸው የሚተርፉት መሸሸጊያ ያገኙት ናቸው፤ ብዙ ሰውም ጫጩት እንዳለው የሚያውቀው ማጣሪያውን ለማጠብ ሲከፍት፣ ደለሉ ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ኩሊዎች ሲላወሱ አይቶ ነው። በዚያ ደለል ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ስለሚርመሰመሱ ለጨቅላ ጫጩት ሙሉ ማዕድ ነው። ስለዚህ ኩሊ ያለበትን ማጣሪያ በጥድፊያ ማጠብ አይገባም፤ የሚደፋው ውኃ አስቀድሞ በነጭ ሳሕን ላይ ይፈተሽ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር መነገር አለበት። የዓሣ ተመራማሪው ጆርጅ አልበርት ቡሌንጀር በ1902 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ አካባቢ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ተመሥርቶ አንድ ትንሽ ሎች ገልጾ አቢሲኒከስ የሚል ስያሜ ሰጥቶታል። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚገኙ ሎቾች የኢትዮጵያዎቹ ብቻ በመሆናቸው፣ ሩሲያውያኑ ጎሉብትሶቭና ፕሮኮፊየቭ በ2009 እ.ኤ.አ. አፍሮኔማኬይለስ የሚል የራሳቸውን ወገን አቋቁመውላቸዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከኦሞ ቱርካና ተፋሰስ ሁለተኛ ዝርያ ተጨምሯል። የሱማትራውን ሎች በመኖሪያ ቤቱ የሚያሳድግ ሰው ስለ እነዚህ የአገሩ ዓሦችም መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ ግን በአኳሪየም ሳይሆን በጣና አካባቢና በኦሞ ተፋሰስ ድንጋይ ሥር ነው ያለው፤ እዚያው ሊቆዩም ይገባቸዋል።