«ቾልሞንደሌይ» ተብሎ ተጽፎ ለምን «ቻምሊ» ይነበባል?

ይህን የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም በላቲን ፊደል (Cholmondeley) ያየ ሰው አሥራ ሁለቱን ሆሄያት አንድ በአንድ ተከትሎ «ቾል-ሞን-ደ-ሌይ» ማለቱ አይቀርም። ባለቤቶቹ ግን «ቻምሊ» ነው የሚሉት።

ስሙ መጀመሪያ የቦታ ነበር። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ቼሺር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ መንደር አለ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቼኦልሙንድ» የወንድ ስም ነው፤ «ሌአህ» ደግሞ በጫካ መሐል ያለ ገላጣ መሬት። ሲገጣጠሙ «የቼኦልሙንድ ምንጣሮ» እንደማለት ነው። ንጉሥ ዊልያም በ1086 ባስጠናቀረው የመሬት መዝገብ ላይ «ካልሙንደሌይ» ተብሎ ሰፍሯል። በኋላ ርስቱን የያዘው ቤተሰብ በቦታው ስም ተጠራ። እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ሲለወጥ፣ እዚያ የመንደሩ ስም ሳይለወጥ ከአባት ወደ ልጅ ወረደ።

አፍ ግን ይቸኩላል። እንግሊዝኛ የስሙን መጀመሪያ አጥብቆ መሐሉን ይውጣል፤ «ል» ጠፋች፣ «ንድ» ተከተለች። አጻጻፉ በሰነድ ላይ ስለጸና አልተነካም። አንዳንዶች እንደ አጠራሩ አሳጥረው ይጽፉታል። እኔ ረጅሙን እወዳለሁ፤ «ቻምሊ» ብቻ ቢቀር ኖሮ ቼኦልሙንድን ከውስጡ ፈልጎ ማግኘት ይከብድ ነበር።