ነፍስህ ስታወራ ዝም አትበላት

ሰላም ወገኖች፣ ዛሬ ማንም ሳይሰማን በውስጣችን ስለምናወራው ወሬ ትንሽ እንነጋገር። "እኔ እኮ አልረባም"፣ "መቼም አይሳካልኝም"፣ "ጌታ ሁሉንም ሲያስብ እኔን ረሳኝ" የምንለውን ማለቴ ነው። ሌላ ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ቢለን ለስንት ጊዜ ተቀይመን እንቀራለን፣ ለራሳችን ግን ስንለው እንውላለን።

መድኃኒቱ ብለው ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ደሞ "ፖዘቲቭ ሁን፣ መስታወት ፊት ቁምና ጀግና ነኝ በል" ነው። ራስን ከመስደብ ይሻላል፣ አልቃወምም፣ ግን ለአማኝ አይበቃም ባይ ነኝ። ለምን መሰላችሁ፣ በወንጌል ውስጥ ለነፍሱ በጣም ፖዘቲቭ ነገር ሲናገር የምናገኘው ሰው ሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋ ነው። ለብዙ ዘመን የሚሆን በረከት አለሽ፣ ዕረፊ፣ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስ ይበልሽ አላት። ኮንፊደንሱ ሙሉ፣ ስለ ነገ ስጋት የለበት፣ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ፕላን አውጥቷል፣ እና በዚያችው ሌሊት ነፍሱን ሊጠየቅ ነው። እስቲ ከቁጥር 17 እስከ 19 ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ... እግዚአብሔር አንድ ጊዜ እንኳን አልተጠራም።

አሁን ደሞ የተገላቢጦሹን እዩ። ዘኍልቁ 13 ላይ ሙሴ ወደ ከነዓን የላካቸው 12 ሰላዮች 40 ቀን ምድሪቱን አይተው ሲመለሱ 10ሩ ምን አሉ? እዚያ ግዙፍ ሰዎች አየን፣ በራሳችን ዓይን እንደ አንበጣ ነበርን፣ በእነሱም ዓይን እንደዛው ነበርን አሉ። ቆይ ግን ግዙፎቹን ማን ጠየቃቸው? ስለ ራሳቸው ያሰቡትን ወስደው ሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከተቱት፣ እኛም እኮ ይሄን ነው የምናደርገው፣ አንድ ሰው ሰላም ሳይለን ስላለፈ "ንቆኛል፣ ድሮም አይወደኝም" ብለን ማታ አልጋ ላይ ሙሉ ድራማ እንሠራለን። ከዓመታት በኋላ ኢያሱ 2 ላይ የኢያሪኮዋ ረዓብ የሀገሩን ሰው ልብ ስትናገር እግዚአብሔር የኤርትራን ባሕር እንዳደረቀላችሁ ሰምተን ልባችን ቀለጠ ነው ያለችው። ባሕሩ የተከፈለው ደሞ እነዚያ 10 ሰዎች ምድሪቱን ከመሰለላቸው በፊት ነው!! ኢያሱና ካሌብ ግዙፎቹ የሉም አላሉም፣ አጫጭር ናቸውም አላሉም፣ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ነው ያሉት።

ስለዚ ባለጠጋው ፖዘቲቭ ነበር፣ 10ሩ ኔጌቲቭ ነበሩ፣ የሁለቱም በሽታ ግን አንድ ነው፣ ለራሳቸው በሚናገሩት ውስጥ እግዚአብሔር የለበትም። እኔ ይሄን ካየሁ ወዲህ ወደ ውስጤ የሚመጣውን ሐሳብ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ከማለቴ በፊት ጌታ አለበት ወይስ የለበትም ብዬ ነው የምጠይቀው።

ጌታን ወደ ውስጣችን ወሬ የማስገባቱን ሥራ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየኝ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ነው። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ እዚያ የሚያለቅሰው ሰውዬ ሞቲቬሽን የሚሰማበት ሁኔታ ላይ አይደለም። ቁጥር 18 ላይ ተስፋዬ ጠፋ ይላል፣ በቃ እንዲህ ነው ያለው፣ አላሳመረውም፣ ነፍሱም መከራዋን እያሰበች አንገቷን ደፍታለች። ቁጥር 21 ላይ ግን ሆን ብሎ አንድ ነገር ወደ ልቡ ይመልሳል፣ ያልጠፋነው ከእግዚአብሔር ምሕረት የተነሣ ነው ይላል፣ ቁጥር 24 ላይ ያቺው ነፍስ ራሷ "እግዚአብሔር እድል ፈንታዬ ነው" ትላለች። ከተማው ግን ያኔም እንደፈረሰ ነው። ቶሎ ብላችሁ 24 ላይ አትዝለሉ እባካችሁ፣ 18ን ለጌታ ሳይናገሩ 24ን ማወጅ አፍ ላይ ይቀራል (እዚህ ጋ አንዳንድ "አውጃለሁ" ባዮች እንደማይስማሙ አውቃለሁ፣ ግን ያልሆነውን ሆኗል ማለት እምነት አይመስለኝም)።

ከሁሉ የሚከብደው ደሞ በኃጢአታችን ምክንያት የሚመጣው ወሬ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው፣ በድለናል። የጠፋው ልጅ ሩቅ ሀገር ሆኖ ንግግሩን አጥንቶ ነበር፣ አባቴ ሆይ በደልሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ (ከቅጥር ሠራተኞችህ ማለት ነው) እንደ አንዱ አድርገኝ ሊል። ቤቱ ሲደርስ በደልሁ አለ፣ አይገባኝም አለ፣ ሦስተኛዋን ግን ሳይላት አባቱ ባሪያዎቹን ልብስ አምጡ ቀለበት አምጡ ማለት ጀመረ። ሉቃስ 15፥19ን ከ15፥21 ጋር አስተያዩት። መናዘዙን አባት ሰምቷል፣ ልጁ በራሱ ላይ የፈረደውን ፍርድ ግን አልተቀበለውም። እኛ ግን ከተናዘዝን በኋላ ለወራት "ሞያተኛ ነኝ" ስንል እንኖራለን፣ ሮሜ 8፥1 በክርስቶስ ኢየሱስ ላሉት ኩነኔ የለባቸውም እያለ።

እንዴት ይደረግ ለምትሉ፣ ነፍስህን "ዝም በዪ" ብቻ ብትላት አትሰማህም፣ ማስረጃ ትፈልጋለች። ብዙ ጊዜ የምትልህን ያንን ነገር ቃል በቃል ወረቀት ላይ ወይ ስልክህ ላይ ጻፈው፣ ከሥሩ ጌታ ስለዚያው ጉዳይ ያለውን ጻፍ። "ብቻዬን ነኝ" ካለች ዕብራውያን 13፥5 ላይ አልለቅህም ከቶም አልተውህም ብሏል። ከዛ ድምፅ አውጥተህ አንብብላት፣ በልብ ብቻ ከሆነ እሷ ታሸንፍሃለች።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ፣ ሁሉም ክፉ ወሬ በጥቅስ ብቻ አይመለስም። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ዛፍ ሥር ሲተኛ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም፣ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ በመሃል ተኛ። ብቻዬን ቀረሁ ያላትን ጌታ 7000 ሰው አስቀርቻለሁ ብሎ ያረመለት ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስበው ሁሉ ጨለማ ነው። እና መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ከመጣ ለብቻችሁ አትታገሉት፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ይሄ እምነት ማጣት አይደለም።

መዝሙረኛው "ነፍሴ ሆይ ለምን ታዝኛለሽ" ያለው አንድ ጊዜ አይደለም፣ 42፥5 ላይ አለ፣ 42፥11 ላይ ደገመው፣ 43፥5 ላይ ሠለሰው፣ በመሃል ደሞ እግዚአብሔርን ለምን ረሳኸኝ ይለዋል። ስለዚ ዛሬ ማታ መልሳችሁላት ነገ ጠዋት ያንኑ ወሬ ይዛ ብትመጣ አልሠራልኝም ብላችሁ ወረቀቱን አትጣሉት፣ ያንኑ ቃል ድገሙላት።