«ጊዜው ሲደርስ አፉን ይፈታል»፦ ስለ ልጆች ንግግር የሚነገሩ ስሕተቶች

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ልጃቸውን ዘግይተው ከሚያመጡልኝ ወላጆች የምሰማው ምክንያት አንድ ነው፦ «ጊዜው ሲደርስ አፉን ይፈታል ብለውን ነው።» ይህን የሚሉት ዘመድና ጎረቤት ብቻ ቢሆኑ ባልተናደድሁ፤ የጤና ባለሙያም ይለዋል።

ዘግይተው ጀምረው እኩዮቻቸውን የሚደርሱ ልጆች በእርግጥ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሁለት ዓመት ልጅ አይቶ «ይህኛው ይደርሳል፣ ያኛው ይቀራል» ብሎ አስቀድሞ መለየት የሚችል ሰው የለም። የአጎትዎ ልጅ በአራት ዓመቱ አፉን ፈትቶ ዛሬ ጠበቃ መሆኑ ስለ እርስዎ ልጅ የሚነግረን ነገር የለም። በ12 ወሩ «ባባ»፣ «ዳዳ» እያለ ድምፅ የማይደጋግም ወይም በጣቱ የማይጠቁም፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ «እማዬ ነይ» ብሎ ሁለት ቃላት የማያጣምር ልጅ መመርመር አለበት። ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ምርመራው ከጆሮ ይጀምራል። እዚህ ላይ «በር ሲዘጋ ይዞራል፣ ይሰማል» የሚል መልስ ይጠብቀኛል። እንዲሁ የተባለለት የሦስት ዓመት ልጅ መጥቶልኝ ነበር። ከኋላው ሆኜ ሳጨበጭብ ወዲያው ዞረ። ቀጥሎ ስሙን በለሆሳስ ጠራሁት፤ የመጫወቻ መኪናውን መግፋቱን ቀጠለ። ደግሜ ጠራሁት፤ ቀና አላለም። በሁለቱም ጆሮዎቹ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ይህ ዓይነቱ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም። ጭብጨባን አይከለክልም፤ ንግግርን ግን ያፍነዋል። «ሕፃን ሳለ ድምፅ ያወጣ ነበር» ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ መስማት የተሳናቸው ሕፃናትም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያወጣሉ።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል።» በአማካይ በጥቂቱ፤ በዓመታት አይደለም።

«ምላሱ ተይዞ ነው።» ከምላስ ሥር ያለው ክር ሲያጥር ጡት መጥባት ሊያስቸግር ይችላል። ልጁ የሚሉትን እንዳይረዳ ወይም ቃል እንዳይማር ግን አያደርግም።

«ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል።» አያምታታውም። ቃላቱን ሲቆጥሩ የሁለቱንም ቋንቋ ደምረው ይቁጠሩ። በዚህ አባባል የተነሣ የራሳቸውን ቋንቋ ትተው በማይችሉት ቋንቋ ከልጃቸው ጋር ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚለዋወጡ ወላጆች ማየት ያሳዝነኛል። በሚያልሙበት ቋንቋ ያነጋግሩት።

«ከቪዲዮ ይማራል።» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩል እና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት የቻይንኛ ድምፆችን መለየት የቻሉት ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ካጫወታቸው ሰው ነው። ያንኑ በቴሌቪዥን የተከታተሉት ምንም አልተማሩም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም።

ታዲያ ምን ላድርግ ለሚሉኝ፦ ልጁ ዓይኑን የጣለበትን ነገር ስሙን ይጥሩለት። «ኳስ» ሲል «አዎ፣ ትልቅ ኳስ» ይበሉት፤ ከዚያ በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ ዝም ይበሉ። ይህችን ዝምታ የሚችል ወላጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ልጁ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ይቀድመዋል። «ይህ ምንድን ነው? ያስ?» እያሉ ቀኑን ሙሉ አይፈትኑት። መጽሐፍ ሲያዩም ገጹን እርሱ ይግለጥ፤ ሦስት ገጽ ዘሎ ውሻው ላይ ከቆመ ስለ ውሻው ያውሩ።

«ካልተናገርህ አልሰጥህም» የሚባለውንም ይተዉ። ቃሉ የሌለው ልጅ ቢከለከል ያለቅሳል እንጂ ቃል አያመጣም። ወደ ብርጭቆው ከጠቆመ ፍላጎቱን ነግሮዎታል፤ «ውሃ! ውሃ ፈለግህ» እያሉ ይስጡት።